ካምደን፦ የሐኪሙ ካርታና የዕጣው ፍርድ

ጆሮ ስጡኝማ። ስለ አንዲት ከተማ፣ ስለ አንድ ሐኪምና ከሆስፒታል ወጥተው ሳይውሉ ሳያድሩ ስለሚመለሱ በሽተኞች ላውራችሁ።

ከተማዋ ካምደን ትባላለች። አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ጀርዚ ግዛት፣ ደላዌር ወንዝ ዳር ነው ያለችው። ወንዙን ስትሻገሩ ፊላደልፊያ ናት። ካምደን በደጉ ዘመኗ ምን ያልሠራችው ነበር? መርከብ ሠርታለች፤ የሸክላ ማጫወቻ ሠርታለች፤ በቆርቆሮ የሚታሸገው የካምቤል ሾርባም የእሷ ነው። ባለቅኔው ዋልት ዊትማን የመጨረሻ ዘመኑን የኖረውም የተቀበረውም እዚያው ነው። ኋላ መርከብ ሠሪው ተዘጋ፣ ፋብሪካው አንድ በአንድ ጥሏት ሄደ፣ አቅም ያለው ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። መሄጃ ያጣው ቀረ። ዕፅ ሻጩም ቀረ፤ ገበያው ደርቶለት ነበርና። ሆስፒታሎቹም ቀሩ።

ዘመኑን በፈረንጆቹ ልቁጠርላችሁ። በ2001፣ በፌብሩዋሪ ወር፣ አንድ ምሽት ላይ ከከተማዋ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ አንድ የ22 ዓመት ወጣት መኪናውን እየነዳ ሳለ በጥይት ተመታ። በዚያ ሠፈር ጄፍሪ ብሬነር የሚባል ወጣት የቤተሰብ ሐኪም ይኖር ነበር። ሲደርስ ፖሊሶቹ ከቦታው አሉ፤ ልጁን ለማትረፍ የሞከረ ግን አልነበረም። ልጁ ሞተ።

እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ወይ አልቅሶ ዝም ይላል፣ ወይ ሠፈር ይቀይራል። ብሬነር ካርታ መሥራት ጀመረ። የኒው ዮርክ ፖሊስ ወንጀል የሚበዛበትን መንገድ በካርታ እየለየ ኃይሉን ወደዚያ ይልክ እንደነበር ሰምቷል፤ ለካምደንም ይሁን አለ። የከተማው ፖሊስ መረጃውን ሊሰጠው አልፈለገም። እሱ ግን ሌላ በር አገኘ። ፖሊስ መዝገቡን ቢደብቅ፣ የተወጋውና የተመታው ሰው የሚወሰደው ሆስፒታል አይደለም እንዴ? ወደ ከተማዋ ሆስፒታሎች ሄዶ የሂሳብ መዝገባቸውን ለመነ። ሰጡት። ማን፣ ከየት ቤት፣ በምን ቀን፣ በምን ሕመም መጣ፣ ስንት ተጠየቀበት፤ ሁሉም እዚያ ተጽፏል።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ የወጣው። ወንጀል ፍለጋ የገባው ሰው ሌላ ነገር አገኘ። የከተማዋን ሆስፒታሎች ከሚጠቀመው ወደ 100,000 ሕዝብ ውስጥ ከመቶ አንዱ ብቻ ከጠቅላላው ወጪ 30 በመቶውን ይወስዳል። ሁለት ሕንፃዎች ደግሞ ካርታው ላይ ነደው ታዩት። በእነዚህ ሁለት ሕንፃዎች የሚኖሩ 900 ያህል ሰዎች ከ2002 መጀመሪያ እስከ 2008 አጋማሽ ከ4,000 ጊዜ በላይ ሆስፒታል ተመላልሰዋል፤ ሂሳቡ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። አንዱ በሽተኛ ብቻውን በአምስት ዓመት ውስጥ 324 ጊዜ ገብቷል። ልብ በሉ፤ 324 ጊዜ ተመዝግቦ፣ ደም ሰጥቶ ተመርምሮ፣ ወረቀቱን ይዞ ወጥቶ፣ ደግሞ ተመልሷል። ይህን ሁሉ ያየው ሐኪም ሁሉ ለየብቻው ነው ያየው። ቁጥሩን ደምሮ «ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» ያለ አልነበረም።

ታዲያ ምን ሆነው ነው የሚመላለሱት? ስኳር አለ፣ የልብ ድካም አለ፣ አስም አለ። ከሥሩ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ተኝቷል፦ መጠጥ፣ ሄሮይን፣ ኮኬይን። ሱስ ያለበት በሽተኛ ከሆስፒታል በወጣ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ አልጋ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ እንደሚል ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ለምን እንደሆነ ለማየት አንድ ሰው ላስተኛላችሁ። ስም አልሰጠውም፤ ከብዙ ሰው የተቀዳ ነው።

ይህ ሰው ሄሮይን በመርፌ ይወስዳል። ከቆዳው ላይ የነበረ ባክቴሪያ በመርፌው ቀዳዳ ደሙ ውስጥ ገብቶ የልቡ በር ላይ ተተክሏል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትንፋሽ ማጠር። ሆስፒታል ያስተኙታል። መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሌላ በሽተኛ ቢሆን መስመሩ እጁ ላይ ተተክሎለት ቀሪውን ቤቱ ሆኖ ይጨርሰው ነበር፤ እሱን ግን «በዚያው መስመር ሄሮይን ይወጋበታል» ብለው ይፈሩታል። ስለዚህ ስድስቱን ሳምንት ተኛ ይባላል።

መጀመሪያ ማታ ማዛጋት ይጀምራል። አፍንጫው ይፈሳል፣ ዓይኑ ያለቅሳል። ሲነጋ ሐራራው ለይቶለታል፤ ፀጉሩ ይቆማል፣ ያልበዋል፣ ሆዱ ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እግሩን የሚያሳርፍበት ያጣል፣ አጥንቱ ውስጥ የገባው ሕመም ከጎን ጎን ያገላብጠዋል። ነርሷን ይጠራል። «ከታዘዘልህ በላይ መስጠት አልችልም» ትለዋለች። ደግሞ ይጠራል። ካርዱ ላይ «መድኃኒት ይፈልጋል» ተብሎ ይጻፍበታል፤ እንዲህ ከተጻፈበት በኋላ የሚገባው ሐኪም ሁሉ ፊቱን አጥቁሮ ነው የሚገባው። ጎብኚ የለውም። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ሐራራው ጫፍ ላይ ሲደርስ በገዛ ፈቃዱ መውጣቱን የሚገልጽ ወረቀት ላይ ፈርሞ ጫማውን ያጠልቃል። ከሳምንታት በኋላ በአምቡላንስ ሲመለስ የልቡ በር ተበልቷል፤ ያኔ ቀዶ ጥገና ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበላችሁ። የሄሮይን ሐራራ ያሠቃያል እንጂ ጤነኛውን ሰው በአብዛኛው አይገድልም። የመጠጥ ሐራራ ግን ይገድላል። ለዓመታት ቀን ከሌት ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያው ወይ በሁለተኛው ቀን እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፤ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይቃዣል። በአረቄ የተጎዳ ዘመድ ያለው ሰው የምለው ይገባዋል። «ጨክነህ ተውው» ብሎ ቤት ቆልፎ ማስተው ፍቅር ይመስላል፣ ነገር ግን ሐኪም ሳያይ የሚደረግ ከሆነ ሞት ሊያመጣ ይችላል። ይህን እዚህ ያነሣሁት የካምደንን ታሪክ ስንሰማ ብዙዎቻችን «ወይ አለመጨከን!» እንደምንል ስለማውቅ ነው።

ወደ ብሬነር እንመለስ። ሰውየው የከተማዋን ሐኪሞችና ሆስፒታሎች እየሰበሰበ ካምደን ኮአሊሽን የሚባለውን ማኅበር አቋቋመ። በ2007 ገደማ «እስቲ ከሁሉ የባሰውን በሽተኛ ስጡኝ» አለ። የሰጡት ሰው ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የልብ ድካም፣ አስም፣ ስኳር አለበት፤ ይጠጣል፣ ያጨሳል፣ ኮኬይንም ያውቃል። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ከሆስፒታል ውጭ የኖረውን ያህል ሆስፒታል ውስጥ ኖሯል። ብሬነር አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ቀን በቀን ያወራው ጀመር። ስለ ስኳሩ ብቻ አይደለም፤ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ ማን እንዳለው ይጠይቀዋል። ከሆስፒታል ሲወጣም ተከተሉት። የሚገባውን የአካል ጉዳት ድጎማ አስጨረሱለት፣ ከርካሽ ሞቴል ወደ ቋሚ ማደሪያ አስገቡት፣ መጠጥ የተዉ ሰዎች ወደሚሰበሰቡበት ማኅበር መሩት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑም መለሱት። ሰውዬው መጠጡንም ሲጋራውንም ተወ፣ 100 ኪሎ ገደማ ቀነሰ።

መጀመሪያ የያዟቸው 36 በሽተኞች ሲደመሩ፣ ከዚያ በፊት በወር በአማካይ 62 ጊዜ ሆስፒታልና ድንገተኛ ክፍል ይገቡ ነበር። በኋላ 37 ሆነ። በወር 1.2 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ሂሳብ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ወረደ። በ2011 ጃንዋሪ ቀዶ ሐኪሙና ጸሐፊው አቱል ጋዋንዴ ይህን በዘ ኒው ዮርከር መጽሔት ሲጽፈው አሜሪካ በሙሉ ካምደንን አወቀ። በ2013 ብሬነር ስመ ጥሩውን የማክአርተር ሽልማት ተሸለመ። ከየግዛቱ ሰው እየመጣ ይማር ጀመር።

ጊዜውም ተመችቶት ነበር። ለአረጋውያን የሚከፍለው ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት መድን ከ2012 ኦክቶበር ጀምሮ ሆስፒታሎችን መቅጣት ጀምሯል። በልብ ድካም፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም በሳምባ ምች ተኝቶ የወጣ በሽተኛ በ30 ቀን ውስጥ ከሚገባው በላይ እየተመለሰ ካስቸገረ የሆስፒታሉ ክፍያ ይቀነሳል፤ መጀመሪያ እስከ 1 በመቶ፣ ኋላ እስከ 3 በመቶ። ዝርዝሩ ላይ ሱስ የለም። ነገር ግን በልብ ድካም ስም የሚመለሰው ሰው ኮኬይን የሚያጨስ ሊሆን እንደሚችል የማያውቅ ሐኪም አልነበረም።

አሁን ታሪኩ ይዞራል።

ካምደን ኮአሊሽን ራሱ «በዕጣ እንፈተን» አለ። ማንም አላስገደዳቸውም። ስማቸው ገኗል፣ ገንዘቡ ይመጣል፣ ዝም ቢሉስ ማን ይናገራቸዋል? እኔ ለዚህ ነገር ባርኔጣዬን አነሣላቸዋለሁ። የኤምአይቲዋን የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ኤሚ ፊንከልስታይንንና ባልደረቦቿን ጠርተው ሥራቸውን አስረከቡ። ከ2014 ጀምሮ ሆስፒታል የተኙ 800 በሽተኞች ተመዘገቡ። ሁሉም ቢያንስ ሁለት የቆየ ሕመም ያለባቸው፣ በቅርቡም ተኝተው የወጡ ናቸው። ከመመዝገቢያ መስፈርቶቹ መካከል በወቅቱ ዕፅ መውሰድ፣ የአእምሮ ሕመም፣ ቤት ማጣት፣ ደጋፊ ማጣት ነበሩበት። አልጋቸው ላይ እያሉ ዕጣ ወጣ። ግማሾቹን የነርሶች፣ የማኅበራዊ ሠራተኞችና የጤና ሠራተኞች ቡድን ወራት ያህል ይከተላቸዋል፤ ቤታቸው ይሄዳል፣ መድኃኒታቸውን ያስተካክላል፣ ሐኪም ጋ ይዟቸው ይቀርባል። ግማሾቹ የተለመደውን ብቻ ያገኛሉ።

ውጤቱ በ2020 ጃንዋሪ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ወጣ። በስድስት ወር ውስጥ ተመልሰው የተኙት፣ ከታገዙት ውስጥ ከመቶ 62.3፣ ካልታገዙት ውስጥ ከመቶ 61.7።

አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል። ልዩነት የለም።

«እንዴ! ያ ሁሉ ቅናሽ የት ሄደ?» ትሉኝ ይሆናል። ቅናሹ አልጠፋም። የታገዙትን ብቻ ነጥላችሁ በፊትና በኋላ ብታወዳድሩ ዛሬም 38 የመቶኛ ነጥብ ያህል ቀንሶ ይታያል። ችግሩ ያልታገዙትም ያንኑ ያህል መቀነሳቸው ነው። ነሐሴ ላይ ዓባይን ለክቶ፣ ስዕለት ተስሎ፣ ታኅሣሥ ላይ ቢመለስና ውሃው ቀንሶ ቢያገኘው «ያጎደለው ስዕለቴ ነው» የሚል ሰው ምን ትሉታላችሁ? በሽተኛ የሚመረጠው ሕመሙ ጫፍ ሲደርስ፣ ከሁሉ በላይ ሲመላለስ ነው። ከጫፍ በኋላ ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ ቁልቁለት ነው፤ የሞተውም ሞቶ፣ የዳነውም ድኖ። ዕጣው ባይወጣ ኖሮ ግን ይህን ማንም አያውቅም ነበር።

ዜናው ሲወጣ «ድሃን መርዳት ከንቱ ነው» ያሉ አልጠፉም። እኔ እንዲህ አላነበብኩትም። ከታገዙት መካከል በታሰበው ቀን ሐኪም ፊት የቀረቡት ከግማሽ በታች ነበሩ። ስልኩ የተቆረጠ፣ ያደረበትን የማያድርበት፣ ሐራራ ላይ ያለ ሰው በቀጠሮው ቀን አይገኝም። ቢገኝስ ወዴት ይወስዱታል? መኖሪያ ቤት ለማግኘት ወረፋው ረጅም ነው፤ ለሱስ መድኃኒት የሚሰጥ ሐኪም ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ብሬነርም ራሱ በኋላ፣ ሰውን መንገድ እየመራን የምናደርሰው ወደሌለ ቦታ ነበር የሚል አሳብ ተናግሯል።

እኛ አገር በሽተኛ ሆስፒታል ሲገባ አስታማሚ አብሮት ይገባል። ምግብ ያመጣል፣ መድኃኒት ከውጭ ይገዛል፣ ሌሊት ወለል ላይ ያድራል፣ ሐኪሙ ያለውን ይሰማል። የካምደን ቡድን እንግዲህ አስታማሚ ለሌለው ሰው አስታማሚ ሆነለት ማለት ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለው አስታማሚ። ትልቅ ነገር ነው። ግን እኛም ዘንድ አስታማሚው ሞልቶ፣ እናቱም ሚስቱም አልጋው ሥር ተኮልኩለው፣ ጉበቱ ታክሞ የወጣው ሰው ወደ አረቄው ተመልሶ፣ ከአረቄው ወደ አልጋው ሲመለስ አይተናል። አጃቢ መኖሩና የሱሱ ሕክምና መኖሩ ለየቅል ናቸው።

ለሱሱ ደግሞ መድኃኒት አለ። ለሄሮይንና ለመሰሎቹ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን አሉ፤ ሐራራውን ያበርዳሉ፣ በየዕለቱ ከተወሰዱ ሰውየው ሳይሰክርና ሳይሠቃይ ውሎ እንዲገባ ያደርጋሉ። «ሱስን በሱስ መተካት ነው» የሚል ሰው አሜሪካም ሞልቷል። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፣ ማንኛውም የአሜሪካ ሐኪም ኦፒዮይድ የሚባለውን የሄሮይን ዘመድ የሆነ የሕመም ማስታገሻ እንደ ልቡ ማዘዝ እየቻለ፣ ሱሰኛውን የሚያክመውን ቡፕረኖርፊን ለተመላላሽ በሽተኛ ለማዘዝ ግን ተጨማሪ ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። ፈቃዱ የተነሣው በ2022 መጨረሻ በወጣ ሕግ ነው። በመሐል ያለፈውን ዘመንና ያለፈውን ሰው እናንተው አስቡት።

የካምደን ዕጣ መውጣት በጀመረበት በዚያው በ2014 ቦስተን ላይ የተደረገ የሌላ ጥናት ውጤት ታትሞ ነበር። እንደ ካምደን አልተወራለትም። እዚያ ሆስፒታል በሌላ ሕመም የተኙ፣ ግን የኦፒዮይድ ሱስ ያለባቸው 139 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። 67ቱ ሐራራቸው እንዲያልፍላቸው ቡፕረኖርፊኑ ለአምስት ቀን ያህል እየተቀነሰ ተሰጥቷቸው፣ የት መሄድ እንዳለባቸው ተነግሯቸው ወጡ። ብዙ ሆስፒታል ቢበዛ ይህንኑ ነው የሚያደርገው። 72ቱ ግን መድኃኒቱን አልጋቸው ላይ ጀመሩት፤ መጠኑ ተስተካከለላቸው፤ ሲወጡም ሳይቋረጥባቸው እዚያው ሆስፒታል ተመላላሽ ክሊኒክ እንዲቀጥሉ ተደረገ።

ከ72ቱ 52ቱ ሕክምናውን ቀጠሉ፤ ከ67ቱ 8 ብቻ። ስድስት ወር ሲሞላ ግን ከ52ቱ ብዙዎቹ ተንጠባጥበው ቀሩ፤ ሕክምናው ላይ የተገኙት ከ72ቱ 12፣ ከ67ቱ 2 ነበሩ። ጥናቱ በዋናነት የተከታተለው ማን ሕክምና ጀመረ፣ ማን ቆየበት የሚለውን ነው፤ ስንቱ ተመልሶ አልጋ ያዘ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። 12 ከ72 ሲባል ከንፈሩን የሚመጥ አይጠፋም፤ ስኳር በሽተኛ መድኃኒቱን አቋርጦ ሲመለስ ግን «ድሮስ አልኩ» የሚለው የለም፣ እንደገና ይታዘዝለታል። ደግሞም ከነዚያ 139 ሰዎች ውስጥ የሱስ ሕክምና ፈልጎ ሆስፒታል የመጣ አንድም አልነበረም።